ጠማቂና ጠጪ

የሰው ልጅ ከሚሠራው ሥራ አንዱን ድካም፥ ሌላውን ዕረፍት ብሎ የሚጠራው በምን ሚዛን መዝኖ ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ድንጋይ መፍለጥ ድካም፥ ከዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ዕረፍት ነው የሚል መልስ ፈጥኖ ይመጣልና። ነገር ግን አንዱ ሥራ ራሱ በአንድ አገር በትከሻ ላይ የተጫነ ቀንበር፥ በሌላ አገር ደግሞ ሰዎች ከደመወዛቸው ቀንሰው የሚገዙት ደስታ ሆኖ ሲገኝ፥ ያ ፈጥኖ የመጣ መልስ ፈጥኖ ይሄዳል። እንዲህ ካሉት ሥራዎች አንዱ በቤት ውስጥ መጠጥ መጥመቅ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነውም የእርሱን ነገር ነው።

በእንግሊዝና በአሜሪካ፥ በሌሎችም የምዕራብ አገሮች፥ የሳምንቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ማድ ቤታቸው ገብተው ብቅል የሚያፈሉ፥ ፖም ጨምቀው ሲደር የተባለውን የፖም ጠጅ የሚያዘጋጁ፥ ወይን ጨምቀው የሚያስቀምጡ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። መሐንዲሶች፥ አስተማሪዎች፥ የባንክ ጸሐፊዎች ናቸው። ቢራውንም ሆነ ወይኑን ከሱቅ ገዝተው ለመጠጣት ገንዘብ አላጡም። እነርሱ ግን ቅዳሜን ከጧት እስከ ማታ በእንፋሎት ውስጥ ቆመው ያሳልፉና፥ ሲመሽ ልብሳቸው ብቅል ብቅል እየሸተተ በሚገባ ማረፋቸውን ይናገራሉ። አንዲት የመንዝ ወይም የጎጃም ባልቴት ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? ምናልባት «ምነው፥ ሚስት የላቸውም?» ትል ይሆናል። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተቀምጦ እናገኛለን።

የጠላን ነገር ጠጪ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የሚያውቀው ግን ከዋንጫው ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ከዋንጫው ወዲያ ያለውን እስቲ እንከተለው። በመጀመሪያ ብቅሉ አለ። ገብሱ ይታጠባል፥ ይነከራል፥ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ እስኪያጎነቁል ድረስ ጥቂት ቀኖች ይቆያል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ይፈጫል። የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት ዘመን የሚፈጨው በድንጋይ ላይ በክንድ ኃይል ነበር። ጌሾውም በበኩሉ ይለቀማል፥ ይደርቃል፥ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፤ መታጠቡም አይበቃውም፥ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የጌሾው ዱቄት ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ጥንስስ ሲሆን ብቅሉ በላዩ ይጨመራል። ቀጥሎ እህሉ ይቆላል፥ ይፈጫል፥ ዱቄቱም በውኃ ርሶ በምጣድ ላይ ይታመሳል፤ እንኩሮ የሚባለው ይኸው ነው። እንኩሮ የምታምስ ሴት ፊቷ ወደ እሳቱ፥ ዐይኗ በጢሱ ውስጥ፥ እጇም ከምጣዱ ሳይለይ ትውላለች። እንኩሮው ከጥንስሱ ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉ ቀኑን ሲጨርስ ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይታተማል። ውኃውም ከሰማይ ወደ ጋኑ አይወርድም፤ ከወንዝ ወይም ከምንጭ በእንስራ ተቀድቶ፥ በጀርባ ታዝሎ ዳገቱን ይወጣል።

ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ እንደገና ውኃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። ዋናው ለእንግዳና ለቤቱ ጌታ ይቀርባል፤ ቅራሪው ለልጆችና ለቤት ሰው ይተርፋል። የጠመቀችው ሴት ከየትኛው እንደምትጠጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም።

ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። ክርስትናው፥ ሠርጉ፥ ተዝካሩ፥ ማኅበሩ፥ ደቦው፥ እንቁጣጣሹና ፋሲካው በየተራ ሲመጡ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። የቤቱም ጌታ ጎረቤቱን በመንገድ ባገኘው ጊዜ «የኔ ጠላ ደርሷል፥ ናና ቅመስ» ይለዋል። «የኔ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ፈረንጁ ዕረፍት ያለውን ሥራ እናቶቻችን ድካም ያሉት ስለ ምንድር ነው?

የመጀመሪያው መልስ የመሣሪያ ነገር ነው የሚል ይሆናል። እነርሱ ዘንድ ውኃው በቧንቧ፥ እሳቱ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ይመጣል፤ ጢስ የለም፥ ሸክም የለም። ይህ እውነት ነው፤ ቀላል ነገርም አይደለም። በአንዲት መንደር ቧንቧ የገባበት ቀን ለጠማቂዋ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅማታል። ነገር ግን ጥያቄውን አይፈታውም። ከእነዚህ የትርፍ ጊዜ ጠማቂዎች መካከል ሥራውን ሊያቀልላቸው የሚችለውን መንገድ ሆን ብለው የሚተዉ አሉና። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የብቅል ጭማቂ እያለ እህሉን በእጅ ወፍጮ የሚፈጩ፥ አንዳንዶችም ብቅሉን ራሳቸው የሚያበቅሉ አሉ። ድካሙን የጨመሩት ደስታው እንዲጨምር ነው። ዕቃ ማጠቡ ደግሞ በየትኛውም አገር አይቀርም፤ መጠጥ መጥመቅ ከግማሽ በላይ ዕቃ ማጠብ ነው ብለው ራሳቸው ይቀልዱበታል።

ሁለተኛው መልስ የገንዘብ ነው። እናቶቻችን የጠመቁት የሚገዙበት ስላልነበራቸው ነው ይባላል። ይህም ቢሆን በሙሉው አይቆምም። በባለጸጋው ቤት፥ በመኳንንቱም ግቢ፥ ገንዘብ ሳይጠፋ ጠላው ይጠመቅ ጠጁም ይጣል ነበር፤ የሚጠምቁትም ሴቶች ዕረፍት ላይ ነን ብለው አያውቁም።

እንደ እኛ አስተያየት ልዩነቱ ያለው በአንዲት ቃል ውስጥ ነው፤ እርሷም «እምቢ» ናት። የለንደኑ ጸሐፊ በዚህ ቅዳሜ ሰልችቶት ባይጠምቅ ማንም አይቈጣውም፤ ቤቱ አይዋረድም፥ እንግዳውም ጾሙን አያድርም። ጋኑን አጥቦ ደፍቶት ቢሄድ ጋኑ ዝም ይላል። የእኛዪቱ እመቤት ግን የማኅበሩ ቀን ደርሶ ሳለ «ዘንድሮስ ደከመኝ» ብትል የሚጠብቃትን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ አንድን ሥራ ዕረፍት የሚያደርገው ቀላል መሆኑ ሳይሆን፥ ሊተዉት የሚቻል ሆኖ ሳለ ወደው የያዙት መሆኑ ነው።

ይህን ለማየት የሕጎቻቸው ታሪክ ይረዳናል። በእንግሊዝ አገር በ1880 እ.ኤ.አ. ግላድስተን የብቅልን ቀረጥ አንሥተው በቢራው ላይ ቀረጥ ባደረጉ ጊዜ፥ ለገዛ ቤቱ የሚጠምቅ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ የተነሣው በ1963 እ.ኤ.አ. ሬጂናልድ ሞድሊንግ የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. የሚያሰክር መጠጥ ሠርቶ መሸጥ በሕገ መንግሥቱ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ከተነሣ በኋላ በቤት ውስጥ ወይን መሥራት ሲፈቀድ ቢራ መጥመቅ ግን ሳይፈቀድ ቀረ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ሕግ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ላይ ሲውል፥ አንድ አዋቂ ሰው ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፥ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ተፈቀደለት፤ ላይሸጥ ግን ነው። ሁለት መቶው ጋሎን ወደ 757 ሊትር ያህል ይሆናል። (በድሮው መኳንንት ግቢ ይህ ልክ ለአንድ ግብር እንኳ ባልበቃ ነበር።) ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው፥ በአላባማና በሚሲሲፒ ሥራው የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ነገር «እንድንጠምቅ ይፈቀድልን» የሚል ነበር። የእኛ ሴቶች ግን «እንዳንጠምቅ ይፈቀድልን» ብለው የሚያመለክቱበት መሥሪያ ቤት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ሊከራከረን ይችላል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። «እናንተ ግዴታን ሁሉ ባርነት አደረጋችሁት። እናቴ ለልጇ ሠርግ የጠመቀችው ጠላ በተመሰገነ ጊዜ ፊቷ ሲበራ አይቻለሁ፤ ያንን ደስታ የትርፍ ጊዜ ጠማቂው ከየት ያገኘዋል?» ይለናል። እኛም ይህን ደስታ አንክድም። ለራስ ደስታ ብቻ የተጠመቀ መጠጥና ለሰው ክብር የተጠመቀ መጠጥ እኩል ናቸው ብለንም አንከራከርም። ግዴታ ሰው ራሱ የተቀበለው ዕዳ ሲሆን ያከብራል። ግዳጅ ግን ሌላ ነው፤ ግዳጅ ባለዕዳው ሳይጠየቅ የተጻፈበት ዕዳ ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ ለይቶ ማየቱ ያስቸግራል። የሠርጉ ጠላ ያስደሰታት ሴት በዚያው ወር ባሏ ሳያማክራት ለጠራቸው እንግዶች ስትጠምቅ አልቅሳ ሊሆን ይችላል። ለቅሶውን ግን የእንኩሮው ጢስ ይሸፍነዋል።

የጽዋ ማኅበር ሥርዐት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ማኅበርተኞች በየወሩ ተራ ገብተው ይደግሳሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይሸፍንለታል፤ የዛሬው ጠጪ የነገው ደጋሽ ስለሆነ ማንም በማንም ላይ አይከብድም። ከዚህ የተሻለ የግዴታ ሥርዐት ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በወንዶቹ ማኅበር ተራው የማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ተራው የባልየው፥ ጢሱ የሚስትየዋ ሆኖ እናገኘዋለን። የሴቶቹ ማኅበር በዚህ ረገድ ከወንዶቹ ይልቅ ትክክለኛ ነው፤ የጠመቀችውና የተመሰገነችው አንዲት ናትና።

መጠጥና ድካም እንዲህ ሲተሳሰሩ ፍርድ የሚጓደልበት ቦታ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በምዕራብ እንግሊዝ፥ በሶመርሴትና በሄርፎርድሺር አውራጃዎች፥ የፖም ጠጅ የአገሬው መጠጥ ነው። በዚያ አገር የእርሻ ሠራተኞች የደመወዛቸውን ከፊል በገንዘብ ሳይሆን በፖም ጠጅ ይቀበሉ ነበር። ባለርስቱ ሻጭም ከፋይም እርሱ ሆነ፤ ፖሙ ከራሱ ዛፍ የወደቀ ስለሆነ ብዙም አይጎዳውም። ሠራተኛው ግን ልጆቹን ሊያበላበት የሚገባውን በጉሮሮው ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ጣዕሙ ቢከፋበትም «አልጠጣም፥ ገንዘቤን ስጠኝ» ሊል አይችልም። ይህን ልማድ በ1887 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ከለከለው። በጠማቂው በኩል ያየነው የ«እምቢ» ነገር በጠጪውም በኩል እንዳለ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የእኛ ደቦ ከዚህ ይለያል። በደቦ የሚቀርበው ጠላ ደመወዝ አይደለም፤ ዛሬ የታጨደለት ነገ ሄዶ ስለሚያጭድ ድካሙ በድካም ይመለሳል። ጠላው የወዳጅነት ማተሚያ ነው። ሆኖም ለደቦው ስትጠምቅ የሰነበተችው ሴት፥ ጎረቤቶቿ ቢያግዟትም፥ ድካሟ በአጫጆቹ ሒሳብ ውስጥ ሲቈጠር አልሰማንም። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይባላል። ትልቁ በትንሹ መደገፉን ለማስረዳት የተነገረ ነው፤ ጠጠሩ ግን ትንሽ የተባለው ማን ስለመዘነው ነው?

ስለ ዕውቀቱም ጥቂት እንበል። በውጭ አገር ያለው የትርፍ ጊዜ ጠማቂ በሥራው የሚኮራው ጉልበቱን ስላፈሰሰበት ብቻ ሳይሆን ነገሩን ስላወቀው ነው። እርሾ የምትባለው ነፍስ ያላት ረቂቅ ፍጥረት ስኳሩን ተመግባ አልኮልና አየር እንደምታወጣ፥ አየር ከበዛበት ሌላ ረቂቅ ፍጥረት ገብቶ መጠጡን እንደሚያኮመጥጠው፥ ፍላቱ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ መጠጥ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው እንደሚችል ያውቃል። የአልኮሉንም መጠን የፈሳሽ ክብደት በሚለካ የብርጭቆ ዘንግ ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ለክቶ ያሰላዋል። ለዚህ ዕውቀት ባለውለታዎቹ የታወቁ ናቸው። ፓስተር ስለ ቢራ የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በኮፐንሐገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሑን የእርሾ ዘር ከሌላው ለይቶ አራባ፤ ፋብሪካውም ይህን የመሰለ ሀብት በሣጥን ቈልፎ እንደማስቀመጥ ለሌሎች ጠማቂዎች በነጻ ሰጠ። በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይምና ሳንጠቅሰው ማለፍ አልወደድንም።

ነገር ግን ጋኑን በወይራ ያጠነችው ሴትስ አላወቀችም? ጢሱና ግራዋው መጠጡን የሚያበላሹትን ረቂቅ ፍጥረታት እንዲቀንሱ፥ ዘወትር የሚጠመቅበት ጋን ደግሞ የእርሾውን ዘር በግድግዳው ይዞ እንዲቆይ ያደረገች እርሷ ናት። ጌሾው ፈረንጆቹ ሆፕ የሚሉት መራራ አበባ ለቢራ የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣታል። የጥንስሱን ቀን በብርድና በሙቀት መጠን ታራዝማለች፥ ታሳጥራለች። ስሙን አልጻፈችውም እንጂ ነገሩን ታውቀዋለች። በቋንቋችን ይህ ችሎታ «ሙያ» ይባላል፤ ሴቲቱም «ባለሙያ» ትባላለች። ይኸው ቃል ዛሬ ለሐኪሙም፥ ለመሐንዲሱም፥ ለጠበቃውም ያገለግላል። ሐኪሙን ባለሙያ ካልነው በኋላ ስለ ሙያው እንጠይቀዋለን፥ ቃሉን እናከብራለን፥ ድካሙን እንከፍለዋለን። ባለሙያዪቱን ግን ባለሙያ ካልናት በኋላ የምንጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ሌላ ጨምሪልን» የሚል ነው። በየትምህርት ቤቱ ስለ እርሾ የሚያስተምሩ መምህራን ከተማሪዎቻቸው እናቶች አንዷን ወደ ክፍል ጠርተው ቢያስረዱ ትምህርቱ ምንኛ በበለጸገ!

ሙያው ካለ ኃላፊነቱም አለ። በድሮ ቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከጠጁ ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምስ ነበር። ሥርዐቱ የመጣው ከመርዝ ፍርሃት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከፍርሃቱ በላይ የሆነ ትርጉም እናገኝበታለን። ለሰው የሰጠሁት ነገር በመጀመሪያ በእኔ ላይ ይታይ ማለት ነው። በቤቱ የሚጠምቅ ሰው፥ ለደስታም ይጠመቅ ለግዴታ፥ ከዚህ ቃል ኪዳን ማምለጥ አይችልም። የፋብሪካው ጠርሙስ በላዩ ላይ ልኩ ተጽፎበታል፤ በጋኑ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ጠላ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 6፥ ጠጅ ደግሞ ከመቶ 7 እስከ 11 የሚደርስ አልኮል ይኖረዋል፤ ከቤት ቤት ግን እጅግ ስለሚለያይ ጠጪው የጠጣውን ልክ የሚያውቀው ሲነሣ ነው። የጠጅ ጣፋጭነት ደግሞ ኃይሉን ይደብቃል።

እዚህ ላይ ከልማዳችን አንዱን መንካታችን ግድ ነው። እንግዳው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ! እኔ ልሙት!» እያልን እንሞላለታለን። ደግነታችንን ለማሳየት ነው። ነገር ግን በገዛ ሞታችን የምናስምለው ሰው ምናልባት ከበዓሉ በኋላ መኪና የሚነዳ፥ ወይም መጠጥን ለመተው በብዙ ትግል ላይ ያለ፥ ወይም ሐኪም የከለከለው ሊሆን ይችላል። ጠማቂዋ እምቢ ለማለት እንዳልቻለች ሁሉ ጠጪውም እምቢ ለማለት ተከልክሏል ማለት ነው፤ ግዳጁ ከጓዳ ተነሥቶ እስከ አዳራሹ ደረሰ። አያቶቻችን ለማይጠጣ ሰው የሚሰጡት አላጡም ነበር። ያልፈላው የማር ብርዝ አለ፤ ሃይማኖታቸው አልኮል ለማይፈቅድላቸው ወገኖች ከተቈላ ገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ አለ። እነዚህን አስቀድሞ ሳያዘጋጅ የሚጠራ ደጋሽ፥ ጠላው ምንም ያህል ቢጥም፥ ድግሱን ገና አልጨረሰውም እንላለን።

ስለ አረቄ ብዙ አንናገርም። መጥመቅና በእሳት አውጥቶ ማጣራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ባልተማረ እጅ ለዐይንና ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊሆን አይገባውም።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል፤ በከተሞቻችን ሠርግና ክርስትና ላይ የቢራው ሣጥን የጋኑን ቦታ እየወሰደ መጥቷል። ይህን አይተው «ባህላችን ጠፋ» ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። ከኀዘንተኞቹ ብዙዎቹ ጋን አጥበው የማያውቁ ወንዶች መሆናቸውን ስናይ፥ ኀዘኑ ለባህሉ ይሁን ወይስ ያለ ድካም ይገኝ ለነበረው ዋንጫ እንጠራጠራለን። አንዲት እናት ከእንኩሮው ጢስ ስላረፈች ልናዝን አይገባንም። ጠላው እንዳይጠፋ የምንወድ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። ደመወዝተኛውም ተማሪውም ትንሽ ጋን ገዝቶ፥ ብቅልና ጌሾ ከገበያ አምጥቶ፥ እናቱን ወይም አክስቱን አስቀምጦ እየጠየቀ ራሱ መጥመቅ ይችላል። የመጀመሪያው ሊኮመጥጥ ይችላል። የሚጠምቀው ወንድ መሆኑ የሚያሳፍረው ካለ፥ ቢራውን በየፋብሪካው ሲጠምቁ የኖሩት ወንዶች መሆናቸውን ያስታውስ፤ ደመወዝ ሲከፈልበት ሙያው የወንድ፥ ሳይከፈልበት የሴት የሆነበትን ምክንያትም እግረ መንገዱን ያስብበት። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በየቤቱ ይጠምቁና ይሸጡ የነበሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ፤ ሥራው ሰፍቶ ትርፉ ሲጨምር ወደ ወንዶች እጅ አለፈ።

በዚህ ሁሉ ንግግራችን ውስጥ ያልገባች አንዲት ሴት አለች። እርሷም በአጥሯ በር ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ የደፋችበት ጠላ ሻጭ ናት። ለእርሷ ጠመቃው ዕረፍትም አይደለም፥ የቤት ግዴታም አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ከገጠር ልጆቿን ይዛ የመጣች ልትሆን ትችላለች። በጢሱ ውስጥ የዋለችበትን ገንዘብ በጣሳ እየሰፈረች ትሰበስባለች። ጠጥቶ የበቃውን ሰው «ሂድ፥ አልቀዳልህም» ማለት እንደሚገባት ታውቃለች፤ የቤት ኪራይ የምትከፍልበት ቀን ግን ደርሶባታል። በእርሷ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ካለ በመጀመሪያ የኪራዩን ዋጋ ይጠይቅ። የቤት ጠመቃን ለደስታ የሚይዙ ሰዎችም ከእርሷ ገበያ አጠገብ ጋናቸውን ባያቆሙ መልካም ነው፤ የአሜሪካኑ ሕግ ጥመቁ፥ አትሽጡ ማለቱ ለቀረጡ አስቦ ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነቷም ሴት ሳያስበው ይረዳል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ጌሾውን ከኢትዮጵያውያን ሱቆች እየገዙ፥ ማሩን ከዚያው አገር ገበያ እያመጡ በቤታቸው ጠጅ ይጥላሉ። ሕጉም የማር ጠጅን ከወይን ጠጅ ጋር ስለሚቈጥረው አይከለክላቸውም። ከእነርሱ መካከል አገር ቤት ሳለ ማድ ቤት ገብቶ የማያውቅ ብዙ ወንድ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ማታ ወደ አገር ቤት ስልክ ይደውልና «እማዬ፥ ጌሾው በማሩ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?» ብሎ ይጠይቃል። እናትም «ያገኘኸው ቅጠሉን ነው ወይስ እንጨቱን?» ትለዋለች፤ ለጠጅ የሚሻለው እንጨቱ ነውና። ቀጥላም ዕቃውን ማን እንዳጠበለት ትጠይቀዋለች። ራሱ ማጠቡን ሲነግራት ጥቂት ዝም ትልና፥ ከዚያ በኋላ ስለ ማሩና ስለ ውኃው መጠን ይነጋገራሉ።